መሬታችን ከከተማው ወሰን ቢወጣ የካውንቲው ዞኒንግ ይመለስልናል?

ጥያቄው የመጣው ከሰሜን ካሮላይና ነው። ባልና ሚስት ከሻርሎት ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ጫፍ ላይ 14 ኤከር መሬት ገዝተዋል። የሚጠጡት ከራሳቸው ጉድጓድ ነው፤ ፍሳሹም በሴፕቲክ ነው። ፍየልና በግ ማርባት፣ ጎመንና ቃሪያ አምርቶ መሸጥ፣ ወደፊት ደግሞ ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ቤት መሥራት አስበዋል። የከተማው ዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም ደንብ) ክፍል ግን እዚያ ሰፈር ፍየልም በግም እንደማይፈቀድ በደብዳቤ ነገራቸው። አንድ ነባር ጎረቤት ደግሞ እንዲህ አሏቸው፦ «ይህ መሬት በ2006 ከተማው በግድ እስኪጠቀልለው ድረስ የካውንቲው የእርሻ ዞን ነበር። አስወጡን በሏቸው። የድሮው ሕግ ይመለስላችኋል፣ ግብሩም ይወርድላችኋል።» የጥያቄው ፍሬ ነገር ሦስት ነው። ከተማው እንዲያስወጣን ማስገደድ እንችላለን? የካውንቲው ሕግ በራሱ ይመለሳል? ግብሩስ ምን ያህል ይቀንሳል?

ማስገደድ አትችሉም። የካውንቲው ሕግም በራሱ አይመለስም። ግብሩ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጎረቤታችሁ ባሰቡት ልክ አይደለም።

በቅድሚያ አንድ የቆየ ስጋት ላንሳ። አገር ቤት መሬት ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ክልል ሲገባ ይዞታው ራሱ ይለወጣል። ሊዝ ይመጣል፣ ካሳ ይወራል፣ ገበሬው ይነሳል። ብዙዎቻችን ይህንን ይዘን ስለመጣን እዚህም «ከተማው ጠቀለለው» ሲባል መሬቱ የተወሰደ ይመስለናል። እንዲያ አይደለም። ከተማ ውስጥም ሆናችሁ ውጭ መሬቱ የእናንተ ነው፤ ብትሸጡት፣ ብታወርሱት የሚከለክላችሁ የለም። የሚለወጠው ግብሩን ለማን እንደምትከፍሉ፣ አገልግሎቱን ማን እንደሚሰጣችሁ፣ መሬቱ ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል ማን እንደሚወስን ነው። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ከወጣችሁ በኋላ ለከንቲባውና ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ አትሰጡም።

አሁን ወደ ሥልጣኑ። በሰሜን ካሮላይና መሬትን ከከተማ ወሰን የሚያስወጣው የከተማው ምክር ቤት አይደለም። ከንቲባው ቢፈልግ፣ ምክር ቤቱም በሙሉ ድምፅ ቢስማማ ሥልጣኑ የላቸውም። የ2006ቱን መጠቅለል በፍርድ ቤት የመቃወሚያው ጊዜም ካለፈ ቆይቷል። ማስወጣት የሚችለው ራሌይ የሚሰበሰበው የስቴቱ ሕግ አውጪ፣ ጀነራል አሴምብሊው ነው። ለዚያ መሬት ብቻ የተጻፈ የአካባቢ ሕግ ያወጣል። እንዲህ ያለው ሕግ የሚነካው ከ15 ካውንቲ በታች ስለሆነ የስቴቱ ገዥ አይፈርሙበትም፤ ቬቶም ሊያደርጉት አይችሉም። ሌላ ስቴት ያለ ዘመድ «እኛ በፍርድ ቤት ነው የወጣነው» ቢላችሁ ዋሸ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ኮሎራዶ ውስጥ ከተማው የሚገባውን አገልግሎት ካላቀረበ ባለመሬቱ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበት መንገድ አለ። እናንተ ያላችሁበት ስቴት ግን ያንን መንገድ አልከፈተም።

ጎረቤታችሁ «በግድ» ማለታቸው ትክክል ነው። ከ1959 ጀምሮ የስቴቱ ሕግ ከተሞች የባለመሬቱን ፈቃድ ሳይጠይቁ እንዲጠቀልሉ ይፈቅድ ነበር። ሰዉ ተማሮ በ2011 እና በ2012 ሕጉ ተለወጠ። ዛሬ ከተማ በራሱ ተነሳሽነት ልጠቅልል ካለ የነዋሪው ድምፅ ያስፈልገዋል። እርሻ መሆኑ የተረጋገጠ መሬት ደግሞ ያለባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ አይጠቀለልም። ይህ ሁሉ ግን ወደኋላ ተመልሶ የ2006ቱን አያፈርስላችሁም።

ረቂቅ ሕጉን የሚያቀርቡት በወረዳችሁ የተመረጡት የሃውስ ወይም የሴኔት አባል ናቸው። ቢሯቸው ስትገቡ የሚጠይቋችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ «ከተማው ምን ይላል?» የሚል ይሆናል። ምክር ቤቱ «አንቃወምም» የሚል ውሳኔ ካሳለፈ ነገሩ ተራ የወረቀት ሥራ ነው። ከተቃወመ ፖለቲካ ነው። ከተማ እየተቃወመ የወጣ ሕግ አለ። በ2024 ጊልፎርድ ካውንቲ ውስጥ ከሰመርፊልድ ከተማ ወደ 1,000 ኤከር የሚጠጋ መሬት እንዲወጣ ተደርጓል፤ ከተማዋ አጥብቃ ተከራክራ ነበር። ከጀርባው ግን ሰፊ የቤቶች ልማት ዕቅድና ትልቅ ገንዘብ ነበረበት። በ14 ኤከር ያንን መንገድ ልከተል ማለት አቅምን አለማወቅ ነው።

ጊዜውንም አስቡበት። ረጅሙ ጉባኤ እንደ 2025 እና 2027 ባሉ ዓመታት በጃንዋሪ ይጀምራል። የአካባቢ ረቂቆች ማስገቢያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ማርች አካባቢ ይዘጋል። በመሃል ባሉት ዓመታት የሚደረገው አጭር ጉባኤ የአካባቢ ረቂቅ የሚቀበለው አወዛጋቢ ካልሆነና የአካባቢው ተመራጮች ከተስማሙበት ነው። ስለዚህ ሥራው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ መጀመር አለበት። ጃንዋሪ ላይ የሚነሳ ሰው ዘግይቷል።

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት ግን ከዚህ በኋላ ነው። ወሰኑ ሲነሳ ከሥሩ የነበረው የድሮ ሕግ ብቅ ይላል ብለው ያስባሉ። የለም። ምዕራፍ 160ዲ የሚባለው የስቴቱ የመሬት ልማት ሕግ ግልጽ ነው። ከተማ በአንድ መሬት ላይ ያለውን ሥልጣን ለካውንቲ ሲለቅ የከተማው ደንብ ወዲያው አይሞትም። ካውንቲው ለመሬቱ የራሱን ደንብ እስኪያወጣ ወይም 60 ቀን እስኪሞላ፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከመጣው ድረስ ይሠራል። በእነዚህ ቀናት ፍየል እንደተከለከለ ነው። 60 ቀኑ አልፎ ካውንቲው ምንም ካላደረገስ? ያኔ መሬቱ የከተማም የካውንቲም ዞን የለውም። የካውንቲውን የካርታ ድረ ገጽ ከፍታችሁ ብታዩት ዙሪያው ሁሉ ቀለም ተቀብቶ የእናንተው ቁራሽ ብቻ ባዶ ይሆናል።

«ባዶ ከሆነማ እሰየው፣ ያሻንን እንሠራለን» የሚል አይጠፋም። ለጥቂት ወራት እውነት ሊመስል ይችላል። ግን ለሁለተኛው ቤት የግንባታ ፈቃድ ስትጠይቁ የፈቃድ ክፍሉ በየትኛው ዞን እንደሚያስተናግዳችሁ አያውቅም። ባንኩ የዞኒንግ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ የሚጽፈው የለም። ካውንቲው ደግሞ ባዶውን ለመሙላት ሲነሳ በእናንተ ፕሮግራም አይሄድም።

60 ቀን ረጅም ይመስላል እንጂ አጭር ነው። ካውንቲው አዲስ ዞን ለመስጠት ረቂቁን ለፕላኒንግ ቦርዱ ያቀርባል። ከዚያ ኮሚሽነሮቹ ሕዝባዊ ስብሰባ ይጠራሉ። ማስታወቂያው በሁለት ተከታታይ ሳምንታት መውጣት አለበት፤ የመጀመሪያው ከስብሰባው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ። ለአዋሳኝ ባለመሬቶች ደብዳቤ ይላካል፣ መሬቱ ላይ ታፔላ ይተከላል። አንድ ስብሰባ ከተሰረዘ 60 ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ደግነቱ ሕጉ መላ አበጅቶለታል። የሥልጣን ለውጡ በይፋ እንደቀረበ ተቀባዩ ካውንቲ የዞኒንግ ሐሳቡንና የፈቃድ ማመልከቻዎችን ተቀብሎ ማየት ይችላል። ፈቃድ መስጠት ብቻ ነው ሥልጣኑ በእጁ እስኪገባ የሚጠብቀው። ስለዚህ ረቂቁ ራሌይ ሲገባ በዚያው ሳምንት የዞኒንግ ማመልከቻችሁ ካውንቲው ጠረጴዛ ላይ መኖር አለበት።

«የእርሻ ዞኑ» ራሱ ስለመኖሩም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ምዕራፍ 160ዲ ሁሉም ካውንቲና ከተማ ደንቡን እስከ ጁላይ 1 ቀን 2021 ከአዲሱ ሕግ ጋር እንዲያስማማ አዝዞ ነበር። ብዙ ካውንቲዎች በዚያው አጋጣሚ ሌላውንም አንቀጽ ቀይረዋል። በ2006 «እርሻ» ይባል የነበረው ዞን ዛሬ ሌላ ስም፣ ሌላ ዝቅተኛ የቦታ ስፋት ሊኖረው ይችላል። ከነጭራሹ ዞኒንግ የሌላቸው ካውንቲዎችም አሉ። ሌላም አለ። በዲሴምበር 2024 የወጣ የስቴት ሕግ ካውንቲም ሆነ ከተማ ያለባለመሬቱ የጽሑፍ ፈቃድ የመሬቱን አጠቃቀም የሚያጠብ ዞኒንግ በራሱ ተነሳሽነት እንዳያወጣ ከልክሏል። ስለዚህ ካውንቲው የፈቃድ ወረቀት ላይ እንድትፈርሙ ሊጠይቃችሁ ይችላል። የዞኑን የአጠቃቀም ሠንጠረዥ መስመር በመስመር ሳታነቡ አትፈርሙ።

ኢቲጄ የሚባል ነገርም አለ። ከተማ ከወሰኑ ውጭ እስከ አንድ ማይል፣ ትልልቆቹ ደግሞ በካውንቲው ስምምነት እስከ ሦስት ማይል ድረስ የዞኒንግ ሥልጣን ሊኖረው ይችላል። ይህ ማለት ከወሰኑ ወጥታችሁ፣ የከተማ ግብር አቁማችሁ፣ ድምፅ መስጠትም ቀርቶባችሁ፣ በዚያው ከተማ ዞኒንግ ሥር ልትቀሩ ትችላላችሁ። ካውንቲው ዞኒንጉን፣ የመሬት ክፍፍል ደንቡንና የግንባታ ኮዱን እያስፈጸመ ባለበት ቦታ ከተማው ያለካውንቲው ስምምነት መግባት አይችልም። ለዚህም ነው ካውንቲው ቀድሞ ቦታውን መያዝ ያለበት። በካርታው ላይ የከተማው ወሰን በአንድ መስመር፣ ኢቲጄው በሌላ መስመር ይታያል። ዛሬውኑ ከፍታችሁ እዩት። ከአጥራችሁ ማዶ ያለው መሬት ኢቲጄ ከሆነ እናንተም ነገ እዚያ ውስጥ እንደምትሆኑ ገምቱ።

ለእናንተ ግን ከዞኑ ስም ይልቅ የሚጠቅማችሁ የእርሻ ነፃነቱ ነው። በሰሜን ካሮላይና ካውንቲ እውነተኛ እርሻን በዞኒንግ መቆጣጠር አይችልም፤ ከተወሰኑ ትልልቅ የአሳማ እርባታዎች በስተቀር። ፍየል፣ በግ፣ ዶሮ፣ አትክልት ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። በኢቲጄ ውስጥም ይኸው ነፃነት ይሠራል። የማይሠራው በከተማ ወሰን ውስጥ ብቻ ነው። ችግራችሁ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ነገር ግን «ገበሬ ነኝ» ማለት አይበቃም፤ ወረቀት ያስፈልጋል። ሕጉ የሚቀበላቸው ማስረጃዎች የታወቁ ናቸው። አንዱ የእርሻ የሽያጭ ታክስ ነፃ የምስክር ወረቀት ሲሆን ዓመታዊ የእርሻ ገቢ 10,000 ዶላር ይጠይቃል። ሌላው መሬቱ በፕሬዘንት ዩዝ ቫልዩ (መሬቱ በገበያ ዋጋው ሳይሆን በእርሻ ዋጋው ተገምቶ ግብሩ የሚቀንስበት አሠራር) መመዝገቡን የሚያሳይ የግብር ሰነድ ነው። በፌዴራል ግብር ላይ የሞላችሁት ስኬጁል ኤፍ (የእርሻ ገቢና ወጪ ቅጽ) ወይም የደን አስተዳደር ዕቅድም ይሆናል። ለጀማሪ የሚቀለው ስኬጁል ኤፍ ነው። አትክልት መትከል ከተማው ካልከለከለ ዘንድሮ በጎመኑ ጀምሩ። የሸጣችሁትን መዝግቡ፣ ግብር ስትሞሉ አስገቡ። ከወሰኑ በወጣችሁ ቀን ማስረጃው በእጃችሁ ይሆናል።

ነፃነቱ ግን ለእርሻው ብቻ ነው። ሥጋ ለሕዝብ መሸጥ ሌላ ሕግ አለው፤ እንስሳው በመንግሥት ተቆጣጣሪ ባለበት ቄራ መታረድ አለበት። የወላጆቻችሁ ቤት ደግሞ የሚወሰነው በአፈሩ ነው ብላችሁ ያዙት። የካውንቲው ጤና ክፍል መጥቶ አፈሩን መርምሮ ለሁለተኛ ሴፕቲክ ካላለፈ ዞኒንጉ ቢፈቅድም ቤት የለም። ምርመራውን ከወሰኑ ሳትወጡም ማስደረግ ትችላላችሁ። እኔ ብሆን ከዲአኔክሴሽኑ (ከከተማው ወሰን ከመውጣቱ) በፊት አስደርገዋለሁ።

ግብሩን በምሳሌ ላሳያችሁ። መሬታችሁና ቤታችሁ 300,000 ዶላር ተገምቷል እንበል። የከተማው ተመን በ100 ዶላር 40 ሳንቲም ከሆነ ለከተማው የምትከፍሉት 1,200 ዶላር ነው። ከወጣችሁ እሱ ይቀራል። የካውንቲው ግብር ግን አሁንም እየከፈላችሁት ነው፣ ይቀጥላል። በዚያ ላይ የገጠር እሳት አደጋ ዲስትሪክት ግብር ይመጣል። 10 ሳንቲም ቢሆን 300 ዶላር ነው። የቆሻሻ መኪናው መምጣት ስለሚያቆም ወይ ለግል ድርጅት ትከፍላላችሁ ወይ ራሳችሁ ወደ ካውንቲው ማራገፊያ ትወስዳላችሁ። ፖሊሱ ሸሪፍ ይሆናል። በእጃችሁ የሚቀረው በዓመት ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ያለፈ የከተማ ግብር ዕዳ ካለባችሁ መውጣቱ አይሰርዘውም። ከሁሉ የሚበልጠውን ቅናሽ የምታገኙት ከወሰኑ በመውጣት ሳይሆን ከፕሬዘንት ዩዝ ቫልዩ ነው። ለሰብልና ለከብት ቢያንስ 10 ኤከር በሥራ ላይ መዋል አለበት፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ ገቢውም 1,000 ዶላር መድረስ አለበት። ሌሎች መስፈርቶችም ስላሉት የካውንቲውን የግብር ገማች ቢሮ አነጋግሩ። እሱ ደግሞ ከተማ ውስጥ ሆናችሁም ይገኛል። አጠቃቀሙ ከተቀየረ ግን በቅናሹ ምክንያት ሳይከፈል የቆየው ግብር የሦስት ዓመት ከነወለዱ ወደኋላ ይጠየቃል።

የጉድጓድ ውኃ መኖሩ ትልቅ ዕድል ነው። የከተማ ውኃ የምትጠቀሙ ቢሆን ኖሮ ከወሰን ውጭ ላሉ ደንበኞች በሚጠየቀው ከፍ ያለ ተመን ያስከፍሏችሁ ነበር፤ ብዙ ቦታ እጥፍ ነው። አንድ የቀረ ነገር መንገዱ ነው። በሰሜን ካሮላይና ካውንቲዎች መንገድ አይሠሩም፣ አይጠግኑም። ከ1931 ጀምሮ የገጠሩን መንገድ የያዘው ስቴቱ ነው። በራችሁ የሚያልፈው መንገድ የከተማው ከሆነና ከወሰኑ ከወጣ፣ ስቴቱ ካልተረከበው ባለቤት አልባ ይሆናል። የመንገዱን ጉድጓድ የሚደፍን፣ በረዶውን የሚጠርግ አይኖርም። መገንጠያው ላይ ያለውን ምልክት እዩ፤ ከመንገዱ ስም ጋር ኤስአር የሚልና ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ካለው የስቴቱ ነው።

ሌላው አማራጭ ከተማው ውስጥ ሆኖ ደንቡን ማስቀየር ነው። ቫሪያንስ (ለአንድ መሬት ብቻ ከደንቡ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ) አይጠቅማችሁም፤ የስቴቱ ሕግ በቫሪያንስ የተከለከለ አጠቃቀምን መፍቀድ አይፈቅድም። የሚቻለው የደንብ ማሻሻያ መጠየቅ ነው። ለምሳሌ «ከ10 ኤከር በላይ በሆነና ባለመሬቱ በፈቃደኝነት በሚገባበት የእርሻ ዲስትሪክት በተመዘገበ መሬት ላይ ከአጥር ይህን ያህል ጫማ ርቆ ፍየልና በግ ይፈቀዳል» የሚል። የስቴቱ ሕግ በእነዚህ ዲስትሪክቶች ለተመዘገበ እርሻ ከተሞችም ደንባቸውን እንዲያላሉ ያስችላቸዋል። ካልሆነም ለመሬታችሁ ብቻ ቅድመ ሁኔታ ያለው ሪዞኒንግ (የዞን ለውጥ) ይጠየቃል።

ምክሬ እንዲህ ነው። ከዲአኔክሴሽን አትጀምሩ፤ ከደንብ ማሻሻያው ጀምሩ። በወራት ውስጥ መልስ ያገኛል፣ ራሌይ ድረስ አያስኬድም። ምክር ቤቱ እሺ ካለ ነገሩ አበቃ። እምቢ ካለ በዚያው ወር ተመልሳችሁ «እንግዲያውስ አትቃወሙን፣ እንውጣ» በሏቸው። ፍየል በደንባቸው ውስጥ እንዲገባ ያልፈለጉ ሰዎች ጫፍ ላይ ያለ፣ የውኃና የፍሳሽ መስመር የማያስፈልገው 14 ኤከር ቢሄድ አይከፋቸውም። ያንን ውሳኔ በጽሑፍ ሳትይዙ የሕግ አውጪውን በር አታንኳኩ። ምክር ቤቱ ለሁለቱም እምቢ ካለ እርሻውን በአትክልት ብቻ ቀጥሉ፤ ለፍየሎቹ ሌላ ቦታ ተከራዩ። ክርክር ውስጥ ገብታችሁ የቁጠባ ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

ለደብዳቤው ግን ዛሬ ነገ አትበሉ። የዞኒንግ ሹሙ የጽሑፍ ውሳኔ ከሆነ ይግባኝ ለቦርድ ኦፍ አጀስትመንት (የዞኒንግ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ) የሚቀርበው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ማሸነፋችሁን እርግጠኛ ባትሆኑም ለአንድ ጠበቃ አሳዩት። ነገሩ እስኪለይለት ድረስ አንድም ፍየል አታስገቡ፤ ቅጣቱ በየቀኑ የሚቆጠርበት ቦታ ብዙ ነው።

ረቂቅ ሕግ እስከማስቀረብ ከደረሳችሁ፣ ከመቅረቡ በፊት ጽሑፉን ራሳችሁ አንብቡ። የፓርሰል (የመሬት መለያ) ቁጥሩ ከባለቤትነት ሰነዳችሁ (ዲድ) ጋር አንድ መሆኑን በጣት እየቆጠራችሁ አረጋግጡ፤ አንዲት አኃዝ ከተሳሳተች የጎረቤታችሁ መሬት ይወጣል፣ የእናንተ ይቀራል። ሕጉ የሚጸናው ጁን 30 ቢሆን ይመረጣል፤ የከተማው የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ስለሚጀምር የሚቀጥለው ዓመት ግብር አይደርስባችሁም። መሬቱ ወደ ከተማው ኢቲጄ እንደማይገባ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገርም እንዲገባበት ጠይቁ።